የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ታሪካችን የወፍ ማባረሪያ ሆኖ እንዳይቀር

ይድረስ፦ ለምሥራቅና ለምዕራብ ጎጃም ዞኖች የባህልና ቱሪዝም፣ የትምህርትና የኮሙዩኒኬሽን መምሪያዎች፤ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ለሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፤ እንዲሁም ራዲዮ እየሰማ ላደገ የጎጃም ሰው ሁሉ

ጉዳዩ፦ በጎጃም ይሰማ የነበረው የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ታሪክ፣ ድምፅና ቁሳቁስ እንዲሰበሰብ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኔ በጎጃም ቆላና ደጋ ባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለ31 ዓመታት ያስተማርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ በደብረ ማርቆስ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ በአንድ የማሽላ ማሳ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ገበሬው ወፍ ለመከላከል ከእንጨት እንጨት ቡናማ ጥብጣብ ወጥሯል፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርማል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፣ ወፉም ይሸሻል። የካሴት ክር በማሳ ላይ መወጠር ለአገራችን አዲስ ነገር ስላልሆነ መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ጠጋ ብዬ በእጄ ስይዘው ግን ከካሴት ክር የሰፋ፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ ያለው፣ በራዲዮ ጣቢያና በስቱዲዮ ይሠራበት የነበረው የትልቁ ጥቅል ቴፕ መሆኑን አወቅሁ።

ባለ ማሳውን ብጠይቀው ልጁ ከከተማ ከቆራሌ በኪሎ ገዝቶ እንዳመጣው፣ ቆራሌውም አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤቱን ሲያጸዳ በጆንያ እንደወሰደው ነገረኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ መጥራት አልፈልግም፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቢሮ ሳይሆን ነገሩን ዋጋ ያለው ቅርስ ነው ብሎ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነውና። ከጆንያው ውስጥ ገና ያልተተረተሩ ሁለት ጥቅሎች ቀርተው ነበር። አንዱ የካርቶን ሽፋኑ ርሶ ደርቋል፤ ጎኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተጻፈው ጽሑፍ ከፊሉ ጠፍቶ «ሳይንስ፣ 4ኛ ክፍል» የሚለው ብቻ ይነበባል። ቀኑ የነበረበትን ቦታ ምስጥ በልቶታል።

እስኪ ይህን አስቡልኝ። በ19 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ፍጥነት የሚቀዳ አንድ መደበኛ የሰባት ኢንች ጥቅል 366 ሜትር ያህል ክር ስላለው ግማሽ ሰዓት የሚሆን ድምፅ ይይዛል። በዚያ ማሳ ላይ ከአንዱ እንጨት እስከ ሌላው ድረስ 20 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ በሁለት እንጨቶች መካከል ይወዛወዝ የነበረው አንድ ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ያህል የሚሆን የሰው ንግግር ነበር፤ አንድ ሰው ለልጆች ብሎ ተጨንቆ ያዘጋጀው፣ ሌላው በጥንቃቄ ያነበበው፣ እኔን የመሰለ መምህርም በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ተቀምጦ የጠበቀው።

የአገራችን ራዲዮ ታሪክ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚነገረው የአቃቂው ጣቢያ ነው። መነገሩም ተገቢ ነው፤ አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው ያ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ስለሚመጣው ወረራ ለዓለም ሕዝብ የተናገሩበት ነው። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ብሥራተ ወንጌልም መጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ ስሙ እስኪለወጥ ድረስ ምን እንደሠራ፣ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል በ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅም በ1975 ዓ.ም. እንዴት እንደጀመሩ የሚያወሳ ጽሑፍ አይጠፋም። የጎጃም ምድርም ራዲዮ በየቤቱ ሳይገባ በፊት ከሩቅ የሚጣራ ድምፅ ያውቃል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲገቡ አብሮ የዘመተው የእንግሊዞች የቅስቀሳ ክፍል «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ከመበተን ሌላ፣ በጣሊያን ምሽጎች አቅራቢያ ድምፅ ማጉያ ተክሎ ለጠላት የተሰለፉ አገሬዎች እንዲከዱ በቋንቋቸው ይጠራቸው ነበር። ይህም ተጽፏል። ያልተጻፈው፣ ማንም ያልጠየቀው፣ እኛ ራሳችን የኖርንበት ነው፤ ይኸውም በመካከለኛ ሞገድ፣ ብዙ ሰው ኤ ኤም በሚለው፣ ከቅርብ ሆኖ ለአውራጃው ሰው ይናገር የነበረው ራዲዮ ታሪክ ነው።

ትምህርት በራዲዮ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር በነበረው የትምህርት መገናኛ ብዙኃን ድርጅት እየተዘጋጀ፣ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች በተተከሉ አነስተኛ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች ይተላለፍ ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ራዲዮ ከዘማቹ ጋር የተሰለፈ ሁለተኛ መምህር ሆነ። እኔ ማስተማር ስጀምር ዘመቻው አልፎ ነበር፤ የራዲዮው ሥርዓት ግን በነበረበት ቀጥሎ ነበርና ከውስጡ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ትምህርት ቤታችን አንድ ራዲዮ ነበረችው። ዳይሬክተሩ በቁልፍ ሣጥን ያስቀምጣታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ የክፍል አለቃው ታቦት እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብሎ ያመጣትና ጠረጴዛው ላይ በተደረበ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ከኋላ ለተቀመጡትም እንድትሰማ ነው። ስድስት ድንጋይ ትበላለች። ድንጋዩ የሚገዛው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሣር ሽያጭ ነበርና እስከሚቀጥለው አጨዳ ማድረስ የእኔ ጭንቀት ነበር። ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራና ሁለት ሦስት ቀን ያሠራል። አንዳንዱ ተማሪ በጥርሱ ነክሶ የሚያበረታው ይመስለው ስለነበር እሱን መከልከል ሌላ ሥራ ነበር። ከዋናው ድርጅት የሚላክልን የመምህሩ መምሪያ ከስርጭቱ በፊት ምን በሰሌዳ ላይ መጻፍ እንዳለብኝ፣ በስርጭቱ ወቅት በየትኛው ጥያቄ ላይ ለልጆቹ ምልክት እንደምሰጥ፣ ከስርጭቱ በኋላም ምን እንደማሠራ ያዝዛል። ስለዚህ ራዲዮው ሳይናገር እኔ ጠመኔ ይዤ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ሰባ የሚያህሉ ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።

የአንዲት ልጅ ነገር እስካሁን አይረሳኝም። ከበረሃው አፋፍ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ የምትመጣ ነበረች። የራዲዮዋ አስተማሪ ጠይቃ ለመልስ ፋታ ስትሰጥ ይቺ ልጅ ሁሉንም ቀድማ ትመልሳለች፤ ድምፅዋም ከክፍሉ አልፎ ይሰማል። አንድ ቀን ትምህርቱ አልቆ ራዲዮዋን ስዘጋ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «የኔታ፣ እትየ የእኔን መልስ ሰማችው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚሰማው ወደ እኛ ብቻ እንደሆነ፣ የእኛ ድምፅ እዚያ እንደማይደርስ አስረዳኋት። አንገቷን ደፍታ ትንሽ ቆየችና «እንግዲያ ለምን ትጠብቀኛለች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን፣ ከጥቅሎቹ በአንዱ ውስጥ እትየ አሁንም ለዚያች ልጅ መልስ የምትጠብቅበት ፋታ እንዳለ አስባለሁ፤ ያ ፋታ ነው ማሳ ላይ የተወጠረው።

የመካከለኛ ሞገድ ለምን ለጎጃም የተለየ ነገር እንደነበር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ «ኤፍ ኤም መጥቶ የለም ወይ፣ አሮጌውን ምን ይሠራልናል» የሚል ብዙ ሰው አለና። የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው እንደ ዓይን ነው፤ አንቴናው የሚያየውን ቦታ ይደርሳል፣ ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። የመካከለኛ ሞገድ ግን ርዝመቱ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር በመሆኑ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ኮረብታውን አቅፎ ያልፋል፣ ወደ ሸለቆውም ይወርዳል። በአንድ በኩል 4,100 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ፣ በሌላ በኩል ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቀው የዓባይ ሸለቆ ባለበት ምድር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲወረድ የኤፍ ኤሙ ድምፅ በየጠመዝማዛው እየተቆረጠ ሲጠፋ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያው መንገድ ላይ የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ይዘው ሲወርዱ ግን እስከ ድልድዩ ድረስ አብሯችሁ የሚሄድበት ዘመን ነበር።

አሠራሩም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በመካከለኛ ሞገድ ረጅሙ ምሰሶ አንቴና የሚሸከም ግንድ ሳይሆን አንቴናው ራሱ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ከመሬት እንዳይገናኝ በሸክላ ማገጃ ላይ ይቆማል፤ ዙሪያውንም እንደ ጸሐይ ጮራ የተዘረጉ የመዳብ ሽቦዎች ከመሬት በታች ይቀበራሉ። ያ ሁሉ ብረት የሚቆመው በዚያ ሸክላ ላይ ነው። የባሕር ዳሩ የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት ይታወቅበት የነበረውን 801 ኪሎ ኸርዝ ብንወስድ ሞገዱ ወደ 374 ሜትር ይረዝማል፤ የዚህም ሩብ 94 ሜትር ገደማ ስለሆነ ምሰሶው ለምን እንዲያ ቁመት እንደሚፈልግ ይገባል። የተቀበረው መዳብ ሲቆረጥ ጣቢያው ሳይጠፋ ይደክማል፤ የሩቁ አድማጭ ይርቃል፣ የቅርቡ ግን ምንም አይታወቀውም። የመዳብ ዋጋ በተወደደበት ዘመን ይህን የሚቆፍር እጅ እንደማይጠፋ የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያውቁት እወዳለሁ።

የእኛም ሰው ይህን ሁሉ ሳይማር በልምዱ ያውቀው ነበር። ራዲዮው ሲንሾካሾክ አንቴናውን መምዘዝ ለመካከለኛ ሞገድ እንደማይረዳ፣ ራዲዮኑን ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር እንደሚያጠራው አባቶቻችን ደርሰውበታል፤ ምክንያቱም የዚህ ሞገድ መቀበያ በራዲዮው ሆድ ውስጥ የተጋደመ የሽቦ ጥምጥም ያለበት ጥቁር ዘንግ ነው፣ ጎኑን ለጣቢያው ሲሰጥ ይሰማል፣ ጫፉን ሲሰጥ ይደነቁራል። ቀን ጥርት ብሎ የሚገባው ጣቢያ ሲመሽ ለምን በሩቅ አገር ዐረብኛ እንደሚሸፈንም ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ባያውቁም ሰዓቱን ያውቁታል። ቀን ቀን ፀሐይ የምትፈጥረው ዝቅተኛው የሰማይ ንብርብር ወደ ላይ የሚወጣውን ሞገድ ይውጠዋል፤ ሲመሽ ያ ንብርብር ይሳሳና ሞገዱ ከላይኛው ተንጸባርቆ ከባሕር ማዶ ይመጣል። የዚያን ጊዜ ሰው «እስኪ የእኛው ጣቢያ ይጥራ» እያለ ራዲዮውን በጭኑ ላይ ሲያንከባልል የማያስታውስ የእኔ እኩያ የለም።

በባሕር ዳር በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ አዲስ ቢመስልም እርጅናው ደርሷል። በኩር ጋዜጣ በ1987 ዓ.ም. መታተም ከጀመረች በኋላ ባሉት ዓመታት የክልሉ ራዲዮ ተከትሎ ከባሕር ዳር በመካከለኛ ሞገድ 801 ኪሎ ኸርዝ፣ በአጭር ሞገድ ደግሞ በ6090 ኪሎ ኸርዝ ይሰማ ጀመር። ከዚያ በኋላ የባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 መጣ፣ ቴሌቪዥኑ ተከተለ፣ ድርጅቱም ዛሬ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሆኗል። እድገቱ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን በመካከለኛ ሞገዱ ዘመን ሥራ ላይ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ቴክኒሻኖች፣ አቅራቢዎችና የማሰራጫ ጥበቃዎች ዛሬ ወይ ጡረታ ወጥተዋል ወይ ወደዚያው ተቃርበዋል። በስቱዲዮ የተናገረው ሰው ስም ቢያንስ በአድማጭ ጆሮ ይቀራል። ሌሊቱን ሙሉ ከከተማ ውጭ በማሰራጫው ቤት የመለኪያ መርፌ እያነበበ በመዝገብ የሚጽፈውን ሰው ግን ማን ያስታውሰዋል? የመብራት መቆራረጡን፣ ጄኔሬተሩ የተነሣበትን ደቂቃ፣ መብረቅ የመታበትን ቀን የጻፈው እሱ ነው። እነዚያ መዝገቦች ከተገኙ የአካባቢያችን ራዲዮ እውነተኛ ታሪክ ከማንም ሪፖርት ይልቅ በእነሱ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልመለስ። ክልላችን ያለበትን አስጨናቂ ጊዜ አውቃለሁ፤ ሰው ልጁንና ንብረቱን ለማዳን በሚጨነቅበት ወቅት ስለ ቴፕ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው እንደሚኖርም አውቃለሁ። ሆኖም እንዲህ ያለው ጊዜ ነው ዕቃ ግምጃ ቤት የሚዘረፍበት፣ የሚቃጠልበት፣ ቢሮ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ጆንያ የሚጣልበት። ስለዚህ የምጠይቀው የሚበዛውን ክፍል ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው።

በመጀመሪያ በሥራችሁ ባሉ ግምጃ ቤቶች ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም የድምፅ ጥቅል፣ ካሴት፣ የመምህር መምሪያና የማሰራጫ መዝገብ ታይቶ እስኪመዘገብ ድረስ እንዳይወገድ፣ በሐራጅም እንዳይሸጥ በአንድ ገጽ ደብዳቤ እዘዙልን። የንብረት ኮሚቴዎች ማስወገጃ ቅጽ ሲሞሉ «አሮጌ ክር፣ ብዛት በኪሎ» ብለው ማለፋቸው ይብቃ። እርጥበት የነካው ጥቅል በችኮላ ማጫወቻ ላይ ቢጫን ሽፋኑ ተገፎ ድምፁ ለዘላለም እንደሚጠፋ በሥራው ላይ ያለ ሁሉ ይወቅ፤ እስከዚያው ድረስ ጥቅሎቹ ተጋድመው ሳይሆን እንደ መጽሐፍ ቆመው፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ ከጭስና ከፀሐይ ርቀው መቀመጣቸው ብቻ ብዙ ያተርፋል። ማሰራጫዎችና ምሰሶዎች የግድ የሚነሱ ከሆነም ከመነሳታቸው በፊት ፎቶግራፍ ይነሣላቸው፤ ቢያንስ አንድ የሸክላ ማገጃና አንድ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ለሙዚየም ይቀመጥልን።

ዩኒቨርሲቲዎቹን የምለምነው ሌላ ነው። የጋዜጠኝነትና የታሪክ ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጥተው ሲንከራተቱ አያለሁ። እያንዳንዳቸው አንድ የቀድሞ ቴክኒሻን፣ አንድ የራዲዮ መምህር፣ አንድ አሮጌ ራዲዮ ጠጋኝ ቤቱ ድረስ ሄደው በስልካቸው ቢቀዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ማንም የሌለው የድምፅ ክምችት ይኖረን ነበር። በተለይ ራዲዮ ጠጋኞቹን አትርሱ። በየገበያው ዳር በእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሲበይዱ የኖሩት እነሱ፣ የትኛው ቀበሌ የትኛውን ጣቢያ እንደሚሰማ፣ የትኛው ራዲዮ በየት በኩል እንደመጣ፣ ድንጋይ የተወደደ ዓመት ሰው እንዴት እንደሰነበተ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ወገኖቼ የጎጃም ሰዎች፣ ለእናንተም የምለው አለ። በቆጥ ላይ፣ በሣጥን ሥር፣ ዳንቴል ተሠርቶለት አቧራ የጠጣ የአባት ራዲዮ ያለው ሰው እባካችሁ ለቆራሌ አትስጡት። ለጣቢያው ደብዳቤ ጽፎ ስሙ የተነበበለት፣ ለሰላምታ ፕሮግራም መልእክት የላከ፣ ትምህርት በራዲዮ የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ። በማኅበርና በሰንበቴ ስትገናኙ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ በመንደራችሁ የመጀመሪያውን ራዲዮ የገዛው ማን ነበር፣ ማታ ማታ ስንት ሰው ይሰበሰብበት ነበር፣ የመጀመሪያው ወሬ ምን ነበር? እኔ በተወለድኩበት ቀበሌ ራዲዮ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ገበያ ሲሄድ በትከሻው ዱላውን፣ በእጁ ራዲዮውን ይዞ፣ ከኋላው ደግሞ እየሰሙ የሚከተሉ ጎረምሶች አጅበውት እንደነበር አስታውሳለሁ። ያ ሰው ስሙ በማንም መዝገብ የለም።

በእኔ በኩል ያለውን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ከዚያ ማሳ ባለቤት በገንዘቤ ገዝቼ ያመጣኋቸው ሁለት ጥቅሎች፣ ከእንጨቶቹ ላይ ፈትቼ በካርቶን ላይ የጠመጠምኩት ክር፣ ሁለት የመምህር መምሪያዎችና የየቀኑን የራዲዮ ትምህርት ሰዓት የመዘገብኩበት ደብተር በቤቴ አሉ። ጥቅሎቹን ለማጫወት አልሞከርኩም፤ ሙያው ያለው ሰው እስኪያያቸው ድረስም አልሞክርም። ከመምሪያዎቹ ወይም ከዩኒቨርሲቲዎቹ አንዱ የሚረከበኝን ሰው ስም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጥፍልኝ፣ በማግስቱ ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ጡረተኛ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ